እንግዳ አባረረ የተባለው ቤት

ቤተሰቦቼ አንድ ነገር ያውቁብኛል። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ፈረንጅ ጫካ መሀል ተቀምጦ ሥር ሲቆፍርና ትል ሲያኝክ ከታየ፣ እኔ ባለሁበት ክፍል ጣቢያው ይቀየራል። ካልተቀየረ ተነሥቼ እወጣለሁ። ልጆቼ ትሉ የሚያስጠላኝ ይመስላቸዋል። ትሉስ ምን አደረገኝ፤ የሚያቅለሸልሸኝ ሰውዬው ወደ ካሜራው ዞሮ «ብቻዬን ነኝ» ሲል ነው። ብቻህን ከሆንክ ካሜራውን ማን ያዘልህ? ማንስ አበላህ? የማን ቤት አደርክ? ይህን ጮክ ብዬ ስለምጠይቅ ባለቤቴ «ጀመረው» ብላ ቁልፉን ትጫነዋለች።

ይህ ጥላቻ ያለ ምክንያት አልመጣብኝም።

ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ቴሌቪዥን የሚባለውን ሣጥን አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሆቴል ውስጥ አይቼዋለሁ እንጂ በእኛ ከተማ አልነበረም። ክረምቱ ወጣ እንዳለ የውጭ አገር ቴሌቪዥን ሰዎች ጮቄ ተራራ ላይ ፊልም ሲያነሡ ሰንብተው ሄዱ ሲባል ሰማሁ። እኔ አላየኋቸውም። አስተርጓሚያቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው መጥተው ይዘውት ተመልሰዋል። የፊልሙ ጀግና ቀይ ጺም ያለው ጎልማሳ ነው አሉ፤ ሥራውም ሰው በሌለበት ምድር ያለ ስንቅና ያለ ረዳት ተጥሎ፣ ከብርድና ከረሃብ ጋር ታግሎ በሕይወት መውጣት ነው። ሰው የሌለበት ምድር የተባለው እንግዲህ ጮቄ ነው። ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ የአምበር ገበያተኛ አህያውን እየነዳ የሚወርድበት ጮቄ።

በትምህርት አጋማሽ ዕረፍት ላይ አንዲት ፈረንጅ መጣችና ተርጓሚ ፈለገች፤ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወደ እኔ ላካት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረገች፣ ድምፅ መቅጃ ቴፕ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ሥራዋ ማጣራት ነው። ጺማሙ ሰውዬ ቀደም ሲል በሠራው አንድ ፊልም በረሃ ውስጥ በውሃ ጥም ሊሞት ሲያጣጥር፣ በሥዕሉ ጥግ የሆቴል መዋኛ ጃንጥላ ታይቶ ኖሮ ተመልካቹ ሁሉ ስቆበታል። ድርጅቱም ስሙ ስለ ጎደፈ፣ ከእንግዲህ የዚህ ሰው ፊልም እያንዳንዱ ትዕይንት በቦታው ተጣርቶ፣ ምስክር ተጠይቆበት ካልሆነ አይታይም ብሎ ወሰነ። እሷ የተላከችው ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሥራው አስደሰተኝ። ሴትዮዋ ቀልድ አታውቅም። ትዕይንቱ የተነሣበት ቦታ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች፣ ያየውን ሰው ፈልጋ ታስቆማለች፣ ቴፑን ትከፍታለች፣ ትጠይቃለች። ፊልሙ ምን እንደሚል አስቀድማ አትነግረኝም። «ካወቅህ ምስክሩን ወደምትፈልገው ትመራዋለህ» አለችኝ። ጠይቃ ስትጨርስ ብቻ ነበር ጥቂት የምትነግረኝ፣ እሱንም ከፈለገች።

ጺማሙ እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ያነደደበት ቦታ ሄድን። መኪናቸውን ይነዳ የነበረው ያገራችን ሰው፣ እንጨቱ እምቢ ሲል ነዳጅ ያርከፈከፈው እሱ መሆኑን እየሳቀ ነገራት። በገመድ የወረደበትን ገደል አየን። እሷ ከጫፉ ቆማ ቁልቁል ስትመለከት ገብስ የጫኑ አህዮች ከጀርባው ብቅ አሉ፤ ነጂዎቹ ሴቶች እንደምን ዋላችሁ ብለውን አለፉ። ገደሉ በወዲያ በኩል መንገድ አለው። አድኖ የበላት የዱር ፍየል ደግሞ የአንድ ገበሬ ፍየል ሆና ተገኘች፤ ቃጭሏን ከአንገቷ ፈትተው ነው ያባረሯት። ባለቤቱ ቃጭሉን አምጥቶ አሳየን። ሴትዮዋ በእያንዳንዱ ላይ ከንፈሯን ገጥማ «ይህ ይወጣል» ትላለች። እኔም በልቤ እሰይ እላለሁ። ውሸት እንዲህ እየተለቀመ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል፤ ሴትዮዋንም አከበርኳት።

የመጨረሻው ትዕይንት አንድ ቤት ነበር።

ከገብስ እርሻው በላይ፣ ኮረብታው ትከሻ ላይ ብቻውን የቆመ የሣር ቤት ነው። ግቢው በር ላይ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለ። ባለቤቱ ጠጉሩ የሸበተ ገበሬ፣ ገና ከሩቅ ሲያየን በጎቹን ትቶ እየሮጠ መጣ። ሰላምታው ሳያልቅ ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ጎተተኝ። ሚስቱም ከደጃፍ ብቅ ብላ «ግቡ ግቡ» ትላለች። ሴትዮዋ ግን አልገባም አለች። ምስክር ቤት ገብቶ መብላትና መጠጣት በሥራዋ ሕግ ክልክል ነው፤ ኋላ ምስክሩን አባብላዋለች ይባላል። ይህን ስተረጉም ገበሬው ሰውን ደጅ አቁሞ ማነጋገር አቅቶት ተንቆራጠጠ። በመጨረሻ በርጩማዎቹን አውጥቶ ኮሶው ሥር አስቀመጠልንና እሱ ቆመ። ተቀመጥ ብትለው እንግዳ ውሃ ሳይቀምስ እኔ አልቀመጥም አለ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሴትዮዋ ለዚያ ለጺማሙ ሰውዬ ምኑ እንደሆነች ጠየቀኝ። ካገሩ ናት፣ እሱን የላኩት ሰዎች ናቸው የላኳት አልኩት። ፊቱ በራ።

«ወገኑ ናታ! ተረከዙ ዳነለት ወይ?»

ይህን ተረጎምኩላት። ቀና አለች። ተረከዙ መቁሰሉን በምን አወቀ ብላ ጠየቀች። ገበሬው ሲያነክስ አይቼው ነው አለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጫማ ያደረገ ሰው የቱ ጋ እንደ ቆሰለ በማነከሱ አይታወቅም። ያንን ተረከዝ ያየው ያጠበው ሰው ነው።

ቴፑን ከፈተችና ዋናውን ጠየቀች። ያ ሰው እዚህ ቤት አድሯል ወይ?

ገበሬው ነውር የተናገርኩ ያህል አየኝ። አልፎ ሄዷል አለ። ቤትህ ውስጥ ምን በላ? የኛ ቤት ምን አለውና ይበላል አለ። ምንም አልበላም ማለት ነው? «ምንም» አለና መሬት መሬቱን ተመለከተ። ሚስቱ ደጃፉ ላይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዓይናችን ተጋጨ፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

በዚያ አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዳ ምን በላ፣ ስንት ሌሊት አደረ፣ ምን ታረደለት ተብሎ አይነገርም። ያበላውን የሚያወራ ሰው ከነሳው ሰው የባሰ ነው፤ ያበላውን ከእንግዳው ሆድ መልሶ ያወጣ ያህል ይቆጠርበታል። ጎረቤት እንኳ ቢጠይቅ፣ ቤት ያፈራውን ቀመሰ ይባላል እንጂ ከዚያ አያልፍም። በዚህ ላይ ሰውዬው አንድ የራሱን ስሕተት ጨመረበት። የእንግዳው ወገኖች ውለታ ሊመልሱ ሰው ልከዋል ብሎ አሰበ። አዎ፣ አድሯል፣ በልቷል ቢል፣ ያበላውን ሊሸጥላቸው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ካደ። ከደግነቱ የተነሣ ነው የካደው።

ለመንኩት። «አባቴ፣ ይቺ ሴት ውለታ ልትመልስ አይደለም የመጣችው። የሆነውን ብቻ ንገሩኝ ነው የምትለው» አልኩት።

«የሆነውን እግዜር ያውቀዋል» አለኝ። «አንተ ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ? እንግዳ ምን በላ ተብሎ ሲጠየቅ የትኛው ቤት ነው ያየኸው?»

አባቴ ቢሰማኝ እሱም ይህንኑ ነበር የሚጠይቀኝ።

ቁልቁል ስንወርድ ለሴትዮዋ አስረዳኋት። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይመለስ፣ የሰውዬው «ምንም» በእርግጠኝነት ብዙ ነገር ማለት እንደሆነ፣ ስለ ተረከዙ የጠየቀው ራሱ ማስረጃ መሆኑን ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ታዲያ የምስክሩን አይደለም አዎ ብዬ ልያዘው ነው የምትለኝ አለች። እንደዚያ ነው አልኳት። ጎረቤት ጠይቂ ስላት እሺ ብላ ከታች ያገኘናትን አንዲት ሴት ጠየቀች። ሴቲቱ ደግ ቤት ነው አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። የሰው ቤት መሶብ እሷ ምን አግብቷት ታወራለች። ሴትዮዋ «ደግ ቤት ነው» ለጠየቅሁት መልስ አይሆንም ብላ ቴፑን ዘጋች።

ክፈችው፣ እኔ ልመስክር አልኳት።

«አንተ ተርጓሚ ነህ» አለችኝ። «ምስክር አይደለህም።»

ቢሆንም ፍትሕ ያጓደለች እንዳይመስልባት ከፈተችና ያልኩትን ቀዳችው። የት እንደደረሰ አላውቅም። ፊልሙ እዚህ ላይ ምን ይላል ብላት፣ ብርድ ላይ ማደሩን ነው የሚያሳየው አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። ሰውዬው ጉብዝናውን ለማሳየት ያደረበትን ቤት ካደ ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ገበሬውን ግን የሚነካው ነገር አልታየኝም። እሷ መኪናው ውስጥ ገብታ ባርኔጣዋን አውልቃ ረጅም ተነፈሰች። ከዚህ ሁሉ ውሸት መሀል ቢያንስ አንድ እውነተኛ ትዕይንት ተገኘ አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። የዚያን ደስታዋን ነገር ሳስበው ዛሬም ምግብ አይወርድልኝም።

በዓመቱ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ፊልሙ ተሠርቶ አለቀና አንድ ቅጂ ወደ እኛ ተላከ። ከከተማው ሹሞች አንዱ፣ ከሱፍ ልብስ የማይለይ፣ ስለ ሥልጣኔ መናገር የሚወድ ሰው፣ አገራችን በዓለም ፊት ታየች ብሎ በእሑድ ከሰዓት አዳራሹን አዘጋጀ። ጄኔሬተር መጣ፤ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ከባላገር ደግሞ ፊልሙ የተነሣበት አካባቢ ሰዎች ተጠሩ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ከጎን ቆሜ በማይክሮፎን እንድተረጉም ታዘዝኩ። አስቀድሜ ልየው ብል ጊዜ የለም ተባልኩ።

ገበሬውና ሚስቱ በበቅሎ መጡ። ልብሳቸው ነጭ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ለእኔ ቅርብ የሆነው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሚስትየዋ አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ እግሯ ሥር አኖረች። ምንድን ነው ብላት ማር ነው አለችኝ። ያ እንግዳ አብሮ የሚመጣ መስሏቸው ይዘውለት የመጡት ነው። አይመጣም ስላት፣ እንግዲያው ላኩለት አለች።

ፊልሙ ጀመረ። ድምፁ የሚያምር ተናጋሪ መጀመሪያ ያለው ነገር፣ በዚህ ፊልም የሚታየው ሁሉ በገለልተኛ ሰው በቦታው ተጣርቶ እውነትነቱ የተረጋገጠ ነው የሚል ነበር። ይህንን ስተረጉም አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ፤ ሹሙም ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ሥራዋን ሠርታለች። ገደሉ ወጥቷል፣ እሳቱ ወጥቷል፣ ፍየሏ ወጥታለች። ጺማሙ በበረዶ ሲደበደብ፣ ሲያነክስ፣ ጅባራ ከሚባለው የደጋ ተክል ሥር ተኩራምቶ ሲንቀጠቀጥ አየን። ከዚያ ኮሶው ያለበት ግቢ ብቅ አለ። ባላገሮቹ የማን ቤት እንደሆነ ለይተው ተንሾካሾኩ፤ ሚስትየዋ የባሏን ክንድ ያዘች።

ጺማሙ ከግቢው በር ወጥቶ እየሄደ ነው። ገበሬው ከኋላው ሮጦ ይደርስበታል። የኮቱን ጫፍ በሁለት እጁ ይይዛል፣ ወደ ቤቱ ያመለክታል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ዞሮ ከፊቱ ይቆምበታል። ድምፁ አይሰማም፤ ግን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚለውን ሰምቷል። ሳይቀምሱ አይሄዱም፣ በእግዚአብሔር፣ ይመለሱ። ሁላችንም ተይዘናል እንደዚያ፤ ሁላችንም ይዘናል። ሰዉ በፍቅር ሳቀ። ገበሬውም እፍር ብሎ አብሮ ሳቀ።

ተናጋሪው በዚያ ባማረ ድምፁ ቀጠለ። ሳልተረጉም ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረግሁት።

ሥዕሉ አለፈና ጺማሙ ድንጋይ ሥር ጋደም ብሎ ታየ። ሹሙ ከፊት ወንበር ዞሮ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት ከፊት እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀምረዋል። እኔ ብደብቀው አንዱ ገበሬውን መንገድ ላይ ያገኘውና አጣሞ ይነግረዋል። ስለዚህ ያለውን እንዳለ አልኩት፤ «ባለቤቱን ከብርዱ እንዲያስጠጋው ለመነው። ባለቤቱ ግን ከግቢው አባረረው ነው የሚለው።»

ሹሙ ፕሮጀክተሩን አስቆመ፤ ከመስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብሱ ተነሣ። ከዚያ ገበሬውን ተነሥ አለው። ገበሬው ቆሞ ጋቢውን አደገደገ። ሹሙ በሰው ፊት ወረደበት። አገር ያዋረደ፣ በእንግዳ ተቀባይነታችን ላይ ያስተፋ፣ በዓለም ሕዝብ ፊት ጎጃሜን ጨካኝ ያስባለ አደረገው። እኔ ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ ጌታዬ፣ ሥዕሉን አይተነዋል፣ ሰውዬው እየለመነው ነው እንጂ እያባረረው አይደለም አልኩ። ሹሙ የተጣራ ነው ይላል አይደለም እንዴ አለኝ፤ አንተ የታዘዝከው ለመተርጎም ነው። ዓይኑ ያየውንና ከውጭ ተጣርቶ የመጣለትን አመዛዝኖ ዓይኑን ጣለው። የተማረ ሰው ነው እኮ። እንዴት እንዳስጠላኝ።

ገበሬው ተጠየቀ። ለምን አባረርከው?

ሰው ሁሉ አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ጎረቤቶቹ ተናገር እያሉ በክርናቸው ይጎስሙታል። የሚያድነው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይህን አብልቼዋለሁ ማለት። ተጨነቀ፣ ግንባሩን ጠረገ።

«ምን እላለሁ ጌታዬ» አለ። «ጎድሎበት ይሆናል።»

ሹሙ «አመነ ማለት ነው» ሲል ሚስትየዋ ብድግ አለች። ያቺ በደጃፏ ነጠላ አፏ ላይ አድርጋ ያየኋት ሴት ናት። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«እኔ ልናገር» አለች። «በረዶው የጣለ ዕለት መጣ። እግሩን በሞቀ ውሃ አጠብኩት። ተረከዙ ቆስሎ ነበር፣ ቅቤ ቀባሁት። ለማርያም ያልነውን ሙክት አረድንለት። መደባችንን ለቀንለት እኛ ከከብቶቹ በኩል ተኛን። ጠላ አልወደደም፣ ወተት አፈላሁለት። ማር በላ። እርጎ ጠጣ። የሄደ ዕለት ቁርሱ እሳት ላይ ነበር፤ ሳይቀምስ አይውጣ ብሎ ነው ባሌ ልብሱን የያዘው።»

ሌላም ነበራት፤ አፏ ተከፍቶ ነበር። ዞራ ባሏን አየች። ፊቱን በጋቢው ሸፍኗል። ልጅ የሞተበት ሰው ሲሸፍን እንደዚያ ነው የሚሸፍነው። ንግግሯን እዚያው አቁማ ተቀመጠችና እሷም ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣለች።

ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አበጀሽ አላለም። ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ። እኔ ከማይክሮፎኑ ጋር ቆሜ የታየኝ ነገር አንድ ነው፤ ያንን ሁሉ የነገረችው ለእኛ ነው። እኛ ደግሞ ሳትነግረን እናውቅ ነበር። ሊሰማው የሚገባው ጺማም ባሕር ማዶ ነው፤ ያቺ ባለ ቴፕም ባሕር ማዶ ናት። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ቴፑ ላይ «ምንም» የሚል የባለቤቱ ድምፅ አለ። ሙክት የበላው ሰው በልቶ ካደ፤ ያጣራችው በሕግ አጸደቀችለት፤ ሹሙ ደግሞ ማኅተም መታበት። ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚከረፋ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ሹሙ ጉሮሮውን ጠርጎ ፊልሙ ይቀጥል አለ። እኔ ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በአምበር ገበያ ያ ሰው እንግዳ አባረረ ብሎ ያወራ ሰው አልነበረም። ያንን ማንም አላመነም። የተወራው፣ ሚስቱ በአደባባይ ቆማ ያበላችውን ቆጠረች የሚለው ነው። ክፋት አልነበረውም፤ ከንፈር እየተመጠጠ ነበር የሚወራው። ምን ታድርግ ይላሉ፣ ተገድዳ እኮ ነው ይላሉ። ወሬው ግን ቆየ።

የማሩ ማሰሮ አዳራሹ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ዘበኛው አስቀምጦ ሰጠኝ። በጥቅምት አጋማሽ ይዤው ወደ ተራራው ወጣሁ። ገበሬው እንደ ድሮው በጎቹን ትቶ ሮጦ መጣ፣ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ስለ አዳራሹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማሩን ሲያይ ለሰው የሰጠነውን ለምን መለስከው ብሎ ተቆጣኝ፤ ሚስቱ ግን ተቀበለችኝ። መሶቡ ቀረበ፤ ያንኑ ማር በሳሕን አድርጋ ከዳቦ ጋር አኖረችልኝ። ባሏ ብላ እንጂ፣ ብላ እንጂ ይለኛል።

እሷ ወጣች። ምናልባት ውሃ ልታመጣ ነው ብዬ ጠበቅኋት። በበሩ በኩል ሳይ ኮሶው ሥር ቆማለች፤ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ገብሱን ትመለከታለች። ባሏ ዓይኔን ተከትሎ አያትና ጎንበስ አለ።

«እንግዳ ሲበላ አትገባም» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ነው። አይታ ትቆጥራለች እንዳይሏት።»

ጠግቤ ስነሣ ገባችና መሶቡን ሳታየው ከደነችው።